ሁለት ስጪኝ

ለእናቴ፣ ለባለቤቴ እናት፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ታናሽ ልጅዎ ቤት ደረጃ ስለሌለ በዚያ በኩል እንኳ ደስ ብሎኛል። እኛ ጋ ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ በየመታጠፊያው እየቆሙ «ይሄን ሕንፃ የሠራው ሰው እናት አልነበረችውም» ይሉ የነበረው ትዝ ይለኛል። የማታውን መድኃኒት በባዶ ሆድ እንዳይውጡ። የታናሽ ልጅዎ ሚስት ልቧ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሥራ ስለሚበዛባት ካላስታወሷት ትረሳለች። ይንገሯት፣ አይፈሯት። እኔ ደኅና ነኝ። በረንዳው ላይ ያሉት አበቦችዎም ደኅና ናቸው። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በየቀኑ በር እያንኳኳች መቼ እንደሚመለሱ ትጠይቀኛለች። «ትንሽ ሊያርፉ ታናሽ ልጃቸው ጋ ሄደው ነው» እላታለሁ። ትመነኝ አትመነኝ አላውቅም።

ስልክ ስደውል የሚያነሣው ታናሽ ልጅዎ ነው። ጠዋትም ብደውል ተኝተዋል፣ ከሰዓትም ብደውል ተኝተዋል። እኔ ደግሞ እርስዎን አውቃለሁ፤ ቀን ጋደም ማለትን እንደ ነውር ነው የሚያዩት። እሱም ምስኪን መዋሸት አይችልበትም፤ «ተኝታለች» ሲለኝ ድምፁ ይሰባበራል። እሱን ላለማስጨነቅ ብዬ መደወሉን ተውኩና ይህን መጻፍ ጀመርኩ። እባክዎ መነጽርዎን አድርገው ብቻዎን ያንብቡት። ለማንም አያስነብቡት።

በደብዳቤ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ፊትዎን አላየውማ። አሁን ብዕሩን ይዤ ስቀመጥ ግን ፊትዎ እዚሁ ወረቀቱ ላይ ነው። አፍሬያለሁ፣ እማዬ። ሰው ፊት ሲያደናቅፈን እንደምናፍረው ዓይነት አይደለም። ከራሴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ነው ያቃተኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ግማሹን ያውቁታል፤ ግማሹን ደብቄዎታለሁ።

የሳሙናውን ማስታወቂያ ከእኔ እኩል ያውቁታል። ስንት ጊዜ ቀረጻ ቦታ አብረውኝ መጥተው ከመብራቶቹ ኋላ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ያ የሚንቆረቆረው አረፋ የሳሙና ሳይሆን የጢም መላጫ አረፋ መሆኑን ያወቁ ቀን እንዴት እንደሳቁ አልረሳውም። የቆሸሸው ሸሚዝና የጸዳው ሸሚዝ አንድ ሸሚዝ እንዳልሆኑ፣ የጸዳው ያንኑ ዕለት ከሱቅ የመጣ መሆኑን ሲሰሙ ደግሞ «ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን በከንቱ ነዋ ስፈትግ የኖርኩት!» ብለው የመብራት ሠራተኞቹን ሁሉ አሳቋቸው። የእኔ ሥራ ከዚያ አዲስ ሸሚዝ አጠገብ ቆሞ፣ ጥርስ አሳይቶ፣ «እዩት! እንደ አዲስ!» ማለት ነው። በቃ ይኸው ነው። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ «የሳሙናዋ ሴትዮ» ይለኛል። ልጅዎ፣ ባለቤቴ፣ ያረፈ ጊዜ ሊያጽናኑን የመጡት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እንኳ ወንበር እየሳቡ «የሳሙናዋ ናት እኮ» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። እርስዎም ሰምተዋል። እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

የፊልሙ ዳይሬክተር ቤታችን የመጣ ዕለት ሻይ ያቀረቡለት እርስዎ ነዎት። ያ ቀጭኑ ልጅ፣ ስኳር አራት ማንኪያ ጨምሮ ሳያማስል የሚጠጣው። ሊሠራ ስላሰበው ፊልም ሲነግረን ሁለታችንም ሳቅን። ማስታወቂያ አእምሯቸውን የወሰደው ቤተሰብ ታሪክ ነው አለን። በቤታቸው ያለው ዕቃ ሁሉ፣ መጋረጃውም፣ ድመቷም የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበታል። ልጃቸውን የሰየሙት በብስኩት ስም ነው። የቤቱ እመቤት ከማስታወቂያ ሌላ የምትናገርበት ቋንቋ የላትም፤ ስትቆጣም፣ ስታፈቅርም፣ ጎረቤት ሰላም ስትልም በማስታወቂያ ነው። እመቤቷን አንቺ ሁኚልኝ አለኝ። ሰው ሊስቅብኝ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። የሚስቀው በራሱ ነው እንጂ በአንቺ አይደለም አለኝ። ሲወጣ ደግሞ በሩ ላይ ቆም ብሎ «አንቺ ተዋናይት ነሽ፤ የነገረሽ ሰው ስለሌለ ነው» አለኝ።

እማዬ፣ ያቺን ቃል ለስንት ቀን እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ሳገላብጣት ከረምኩ መሰለዎት! በዚህ ዕድሜዬ አንድ ሰው ተዋናይት ብሎ ጠራኝ።

ቃለ ተውኔቱን አብረን እንዳጠናን ያስታውሳሉ። እርስዎ የሌሎቹን ሰዎች ቃል እያነበቡ፣ እኔ የእመቤቷን እየመለስኩ። ድመቷን ሆነው ሲያዛጉ እንኳ ከእኔ በልጠው ነበር። አንድ ትዕይንት ብቻ አላስነበብኩዎትም። ባልየው የሚሞትበትን። ገጾቹን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ገና አልተጻፈም አልኩዎት። ተጽፎ ነበር። እርስዎ ያንን ሲያነቡ እንዳላይ ብዬ ነው፤ በዚህኛው እንኳ ክፉ አላሰብኩም።

የቀረጻው ዕለት ክፍሉ ውስጥ አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ነጭ አንሶላ፣ አልጋው ላይ አንድ ከሲታ ተዋናይ። በጽሑፉ መሠረት እኔ አልጋው አጠገብ ቆሜ ለሬሳ ሣጥን ቅናሽ እንደተደረገ እነግረዋለሁ። አሥር ጊዜ ሠራነው፤ አሥር ጊዜም ሞተ። ተዋናዩን ማለቴ አይደለም፤ ቀልዱ ነው የሞተው። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላዘነም። ዳይሬክተሩ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ ቀና ብሎ አየኝና ጠየቀኝ፦ ይቺ ሴት ባሏን ትወደዋለች፤ ግን ከማስታወቂያ ሌላ ቋንቋ የላትም፤ እንዲህ ያለችው ሴት በመጨረሻዋ ሰዓት ለባሏ ምን ትለዋለች?

መብራቱን የያዘውም፣ ድምፅ የሚቀዳውም፣ ሁሉም እኔን ያያሉ። እኔ ምን እንደምትለው አውቅ ነበር። እሱም ምን ብሎ እንደሚመልስላት።

ነገርኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኳቸውም። ለእርስዎ ግን ከታች እጽፍልዎታለሁ፤ እጄ ገና አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ሠራነው፤ ባንዴ ሆነ። ስንጨርስ ሁሉም አጨበጨቡ። ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ ማዳመጫውን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። የማፍረውም በዚህ ነው፦ ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ልቤ አልተሰበረም፣ አልጸጸተኝም፤ ደስ አለኝ። ወደ ቤት ስመለስ አውቶብስ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። እርስዎም በር ሲከፍቱልኝ «ዛሬስ ፊትሽ በርቷል» አሉኝ። ሥራው ሰመረልኝ አልኩዎት።

እንግዲህ ፊልሙ የታየበት የእሑዱ ከሰዓት። ያን ግራጫ ልብስዎን ለብሰው፣ ጫማዎን ራስዎ ወልውለው፣ ከእኔ ቀድመው በር ላይ ቆሙ። ሲኒማ ቤቱ መግቢያ ላይ ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች ለሚገባው ሰው ሁሉ ትንንሽ የሳሙና ከረጢት ያድላሉ። የእኛው ሳሙና! በማስታወቂያ የሚያላግጥ ፊልም በር ላይ ማስታወቂያ። እኔ አፈርኩ፤ እርስዎ ግን ሁለት ተቀብለው ቦርሳዎ ውስጥ ከተቱና «ለመጣንበት እንኳ ይሁነን» አሉኝ።

መጀመሪያ ላይ እንዴት እንደሳቁ! ድመቷ የዋጋ ወረቀቷን ስትልስ ከወንበርዎ ሊወድቁ ነበር። እመቤቷ ልጇን ስትቆጣው «ይቺስ አንቺን ቁርጥ» ብለው በክርንዎ ጎሰሙኝ። እጄን ይዘው ነበር። ከዚያ ያ አልጋ መጣ።

ያየነውን አልደግምልዎትም፤ ግን ለራሴ መጻፍ አለብኝ። ከሲታው ሰውዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የሠርግ ፎቶ በጣቱ አሳይቶ «ያ ከመታጠቡ በፊት» አለ። ጣቱን ወደ ደረቱ መልሶ «ይሄ ከታጠበ በኋላ» አለ። እኔ የአንሶላውን ጫፍ በሁለት ጣቴ አንሥቼ፣ ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዙሬ፣ ያን ጥርሴን አሳይቼ «እዩት! እንደ አዲስ!» አልኩ። እሱም ኮስተር ብሎ «ሁለት ስጪኝ» አለና ዓይኑን ከደነ። በዚህ ጊዜ ከእግሩ ሥር በቀይ ጽሑፍ የስልክ ቁጥር ብቅ አለ፤ «አሁኑኑ ይደውሉ»። የማስታወቂያው ዘፈን ጀመረ። ይህን ይጨምሩበታል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ እንደ እርስዎ እኔም ያኔ ነው ያየሁት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ በሳቅ ብዛት ወንበሬን በጉልበቱ ይመታው ነበር። የሰው ሁሉ ጥርስ በጨለማ ውስጥ ይታየኛል።

እጅዎ ከእጄ ወጣ። ሲያወጡት አልነጠቁኝም፤ ከተኛ ሕፃን ሥር እጅን እንደሚያወጡት ቀስ ብለው ነው ያወጡት። ተነሡ። በየሰዉ ጉልበት መሀል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ ወጡ። ተከትዬዎት ወጥቼ ደረጃው ላይ ደረስኩብዎ። ዞር ሳይሉ «ያንን እንኳ ለሁለታችን ብትተዪው ምን ነበረበት?» አሉኝ። የትኛውን ያንን? ለየትኞቹ ሁለታችን? እስካሁንም አልገባኝም። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ገቡ፤ እኔም ሮጬ ልደርስብዎ ስል መኪናው ሄደ።

አይደለም። ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ውሸት ነው። ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ ግን ምን ያህል እንደለመደብኝ ይዩት ብዬ ተውኩት። አልሮጥኩም። እርስዎ ደረጃውን አንድ በአንድ እየያዙ ሲወርዱ እኔ ከላይ ቆሜ ነበር። በረኛው መጥቶ ፊልሙ ሊያልቅ ነው፣ ተዋንያኑን መድረክ ላይ እየጠሩ ነው አለኝ። «እማዬ፣ መጣሁ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» አልኩና ተመልሼ ገባሁ። ገብቼ መድረክ ላይ ወጣሁ። እጅ ነሣሁ። አበባ ሰጡኝ፤ አበባውን ወደ ላይ ከፍ አደረግሁት። ስወጣ እርስዎ የሉም። ጉልበትዎ እንደዚያ ሆኖ ታክሲ የጠራልዎት ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ይስሙኝ። ያቺ ቃል መንገድ ላይ ወጥታለች። ልጆች በስልካቸው ያንን ቁራጭ ይለዋወጡታል። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝና ለሻጩ ድምፁን ቀይሮ «ሁለት ስጪኝ» አለው፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እማዬ። አፌ የለመደው ስለሆነ ራሱ ነው የሳቀው። አሁን ፀሐይ በሌለበትም ጥቁር መነጽር አድርጌ ነው የምወጣው። የአውቶብስ ቲኬት የሚቆርጠው፣ የሕንፃችን ዘበኛ፣ የማላውቃት ተማሪ፣ ሁሉም ይሏታል። የሚሏት በፍቅር ነው፤ ክፋት የለባቸውም። እኔ ግን ልጅዎ በየመንገዱ ደጋግሞ የሚሞት ይመስለኛል።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄጄ ያን ትዕይንት እንዲያወጣው ለመንኩት። ፊልሙ እኮ እሱ ነው አለኝ፤ እሱ ከወጣ የሚቀረው ድመቷ ብቻ ናት። ሰው የሚስቀው ስለሚያፍር ነው ብሎ ብዙ አስረዳኝ። ሳይሆን አይቀርም። ግን እኔ ከመድረኩ ላይ ሆኜ ስመለከት ያፈረ ሰው አላየሁም።

ከዚያ የሳሙና ፋብሪካው የሽያጭ ኃላፊ አስጠራኝ። ቢሮውን ያውቁታል፤ ከወንበሩ ጀርባ የእኔ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶ የተሰቀለበት። የሚቀየመኝ መስሎኝ ነበር፤ ፊልሙ ቀለደባቸው አይደል? ሰውዬው ግን ብድግ ብሎ ተቀበለኝ። ገበያው እንዲህ ደርቶ አያውቅም አለኝ። መሳቢያውን ስቦ አንድ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሁለት ሳሙና በአንድ ላስቲክ ታሽጎ፣ በላዩ በቢጫ ፊደል «ሁለት ስጪኝ!» ተጽፎበታል። ማስታወቂያውን አንቺው ትሠሪዋለሽ፣ አልጋና አንሶላ ይኖራል፣ ባልየው ግን በሽተኛ ሳይሆን ሰነፍ ይሆናል፣ ሰው እንዳይከፋው አለኝ።

ያንን እሽግ በእጄ ያዝኩት። ይሸታል፤ ያንኑ የሎሚ ሽታ። የዚያን ጊዜ ምን አልኩ ይመስልዎታል? እንቢ አልኩ ይሉኝ ይሆናል። «አንድ ቀን ስጡኝ፣ ላስብበት» ነው ያልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። አውቃለሁ። ካልሠራሁት ማን እንደምሆን ስላላወቅሁ ነው። ከዚያች ጥርስ ሌላ በዓለም ላይ ምን አለኝ?

በማግስቱ ሄጄ አልሠራውም አልኩት። ደግሞም እሽጉን ተዉት፣ ቃሉን ሌላ አድርጉበት ብዬ ለመንኩት። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ከየት እንዳመጣሽው ንገሪኝና ላስብበት አለኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ብነግረው ያለቅስ ነበር። አልቅሶ ሲያበቃ ደግሞ ያንንም እሽጉ ላይ ያትመው ነበር። ዳይሬክተሩም ሲሰማ ተቆጥቶ፣ ምሎ፣ ተገዝቶ አላስነካም ብሎኝ ነበር፤ ለካ ፊልሙን በገንዘብ የደገፈው ነጋዴ ፋብሪካው በቃሉ እንዲጠቀም ቀድሞ ፈርሞላቸዋል። ደውሎ ሲነግረኝ እያለቀሰ ነበር። አጽናናሁት።

አሁን አውቶብስ ፌርማታው ላይ የነበረው የእኔ ፎቶ ላይ ሌላ ልጅ ተለጥፋለች። ቆንጆ ናት፣ ጥርሷም ያምራል። አንድ ጥግ ላይ በደንብ ስላልተለጠፈ የእኔ ክርን ከሥሯ ይታያል።

እንግዲህ ከላይ እጽፋለሁ ያልኩትን ልጻፈው።

ያን ቀን ከሰዓት እርስዎ ማእድ ቤት ነበሩ። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የልጅዎን እጅ ይዤ ነበር። ያ እጅ ምን ያህል ቀሎ እንደነበር ያውቃሉ። ዓይኑን ገልጦ የሠርጋችንን ፎቶ አየ፤ ያን ጉንጩ ሞልቶ ከረባቱ አንቆት የሚስቅበትን። ከዚያ ፊልሙ ላይ እንዳዩት በጣቱ ጠቆመ፤ ያ ከመታጠቡ በፊት፣ ይሄ ከታጠበ በኋላ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። «ሥሪልኝ» አለኝ። ምኑን ስለው ማስታወቂያሽን አለ። እንቢ አልኩ። ልጅዎ ሲለምን እንዴት እንደሚሆን ያውቁታል፤ የታችኛዋን ከንፈሩን እንደ ሕፃን ያወጣታል። ተነሣሁና የአንሶላውን ጫፍ ይዤ ሠራሁለት። ሳቀ። ድምፅ አልነበረውም፤ የሳቀው በትከሻው ነው። ያን ሳቁን ከታመመ ወዲህ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ጓዳ የሚሞላ አባወራ መስሎ ኮስተር አለና ያችን ቃል አለኝ። የተኛ መሰለኝ። አንሶላውን አስተካክዬለት ቁጭ አልኩ። ያወቅሁት እጁ ሲቀዘቅዝ ነው።

በሩን ከፍቼ ስወጣ እርስዎ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ውሃ ይዘውለት ሲመጡ ነበር መሰለኝ፤ ብርጭቆው ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ እስከ አፉ ሞልቶ። ጉልበትዎን እያመመዎት ለምን ጎንበስ ብለው መሬት ላይ እንዳስቀመጡት ያኔም አልጠየቅሁም። ፊቴን አይተው ገባዎት። «ምን አለ?» አሉኝ። እኔም «እናቴን አደራ አለኝ» አልኩ። ረዘም ላለ ጊዜ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ራስዎን ነቀነቁና «እንግዲያው አደራ ካለማ» አሉ። ሌላ አልጠየቁኝም። ሳምንቱ ሲያልቅ ታናሽ ልጅዎ ሊወስድዎ ሲመጣም ይህችኑ ነገሩት፤ «ወንድምህ አደራ ብሏታል፤ ከእሷ ጋር ነኝ» አሉት።

እማዬ፣ ልጅዎ አደራ አላለም። ስምዎንም አላነሣም። ረስቶዎት አይደለም፤ ጊዜ የቀረው መስሎት ነው። ያን ቃል የፈጠርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ለእርስዎ ብዬ ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር፤ እናት ልጇ ሲሞት ቀለደ ከምትባል ስምሽን ጠራ ብትባል ይሻላታል እያልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቤቱ ባዶ ሊሆን ነበር። ከእርስዎ ሌላ ሰው የለኝም። እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው።

እንዲህ ነው የያዝኩዎት። የማይገዛ ነገር ማስገዛት ሥራዬ አይደል? በዚያ ቃል ስንት ጠዋት ሻይዎን ከእኔ ጋር ጠጡ፤ ጉልበትዎን እያመመዎት ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ያንኑ ጊዜ ደግሞ እውነተኛዋን ቃል ለጭብጨባ ሰጠኋት። ውሸቱን ለእርስዎ፣ እውነቱን ለአዳራሽ ሙሉ ሰው። ከሁሉ የሚያሳፍርሽ የቱ ነው ቢሉኝ ይህ ነው።

ስለዚህ አደራ የለብዎትም፤ ነጻ ነዎት። እዚያው መኖር ከፈለጉ ልብስዎን አጥቤ፣ ተኩሼ ከአበቦችዎ ጋር እልካለሁ። ታናሽ ልጅዎ ደስ ይለዋል፤ ድሮም ቅር ብሎት ነበር። ቅር አልሰኝም አልልዎትም፤ ግን ትክክል ነው እላለሁ። መምጣት ቢፈልጉ ደግሞ ማንም አደራ ወዳላለዎት ቤት ነው የሚመጡት። የምነግርዎት ማባበያ የለኝም። ሻይ አለ፣ ደረጃው ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ። ከእንግዲህ ወዲያ ስልክ እየደወልኩ አላስጨንቅዎትም፤ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ፣ ሥራ ስለሌለኝ ከሰዓትም ቤት ነኝ።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ታናሽ ልጅዎን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ለዘመን ያቆይልዎ። ያረፈውንም ሳቁን አይንሣው። ይቅር ይበሉኝ ብዬ መጻፍ ፈልጌ ነበር፤ ግን እሱንም እንደ ማስታወቂያ እንዳላሳምረው ፈራሁ። ልጅዎ ብዬ ለመፈረምም እጄ አልደፈረም።

አክባሪዎ፣
ምራትዎ